የምላስ ቅበላ

እስከ ዛሬ ሦስት ዓመት ድረስ እኔና እናቴ መንገድ ላይ አብረን ስንታይ ሰው እህትማማቾች ያደርገን ነበር። ታላቅየዋ እኔ ነኝ። አንድ ቀን ከሴቻ ወደ ሲቀላ በሚወርደው አውቶብስ ውስጥ አንድ ጎልማሳ ተነሥቶ ወንበሩን ለእኔ ለቀቀና እናቴን፣ «አንቺ እንኳ ብትቆሚ ግድ የለም፤ እህትሽ ግን ደክመዋል» አላት። እናቴ ያኔ ሰማንያ አምስት ዓመቷ ነበር፤ እኔ ሃምሳ አራት። ቁልቁለቱን ሙሉ ብረቱን ይዛ ቆማ እየሳቀች ሲቀላ ደረስን።

እናቴ ሃሴት ትባላለች። እሷ በተወለደችበት ጊዜ ልጅን ሃሴት፣ ኤልዳና፣ ሶሊያና ማለት ፋሽን ነበርና የከተማችን አሮጊቶች ስም ዛሬ ሁሉም እንዲህ ነው። በእኔ ጊዜ ደግሞ የቅድመ አያቶች ስም ተመልሶ መጣ፤ ውድነሽ ተባልኩ። አሮጊቶች አልኩ እንጂ ለወጉ ነው። አርባ ምንጭ ውስጥ የሚያረጅ ሰው የለም። ሰማንያ የሞላቸው ሴቶች ጠዋት ጠዋት አባያ ሐይቅ ዳር ሲሮጡ ይታያሉ፤ ሪህ፣ ግፊት፣ የዓይን ሞራ የሚባሉትን ነገሮች ወጣቶች ሲሰሙ የሩቅ አገር ስም ይመስላቸዋል።

ይህ ሁሉ የመጣው ከልጣጭ ነው። የድሮ ሰዎች ማንጎን ልጠው ልጣጩን ጥለው ውስጡን ይበሉ ነበር ይባላል። እኛ ውስጡን ጥለን የልጣጩን ጭማቂ እንጠጣለን። ስሙን በወረቀት ላይ ሌላ ነገር ይሉታል፤ ሰው ግን «መራሩ» ነው የሚለው። ገና ጎህ ሲቀድ ለያንዳንዱ ሰው አንድ አንድ ብርጭቆ በር ላይ ይቀመጣል። ብርጭቆው መጠጣት አለመጠጣቱን ራሱ ያውቃል፤ እስከ ታቹ ካልጎደለ አንድ ትሑት ድምፅ ስምህን ጠርቶ ደኅና መሆንህን ይጠይቅሃል። እንዴት አደራችሁ ማለት ቀርቶ «ጠጣችሁ?» እንባባላለን። «ተመስገን፣ ጠጣን» ነው መልሱ። ከከተማው በታች ያለው ቆላ፣ ጫኖም ላንቴም፣ ዓይን እስከሚያይ ማንጎ ነው፤ ልጣጩ ጣት ያክላል፣ ውስጡ ቀጭን ነው።

መራሩ ይህን ሁሉ ሰጥቶ አንድ ነገር ብቻ ይወስዳል። ጣፋጭን ይወስዳል። ጨውም፣ ኮምጣጣም፣ ሚጥሚጣም እንደነበሩ ይቀራሉ፤ ስኳር የሚባለውን ነገር ግን ምላስ ይረሳል። ማር በጠጪ ምላስ ላይ ለብ ያለ ውሃ ነው። ሽታው አይጠፋም፤ ለዚህ ነው የሚያሳዝነኝ። የበሰለ ማንጎ ሽታ ይጠራሃል፣ ስትገባ ቤቱ ባዶ ነው። ሰው ግን አላማረረም። እግርን ከማጣትና ስኳርን ከማጣት የቱ ይሻላል ብለህ ብትጠይቀው ይስቅብሃል። ፍቅረኞች አሁንም «የኔ ማር» ይባባላሉ፤ ሰርግ ላይ ጠጅ ለመልኩ ይቀርባል። በትምህርት ቤት መጽሐፍ ውስጥ «ጣፋጭ» የሚለው ቃል «ደስ የሚያሰኝ፤ ለምሳሌ ጣፋጭ እንቅልፍ» ተብሎ ተፈትቷል።

እኔ ይህን ሁሉ የማውቀው ቀማሽ ስለነበርኩ ነው። ልጣጩ ሲጨመቅ ከውስጡ ጥቂት ስኳር አብሮ ከገባ መራሩ ይበላሻል። ይህን የሚለካ መሣሪያ አለ፤ ግን ድሮ አንድ ጊዜ መሣሪያው ተሳስቶ ብዙ ሰው ታመመና ከዚያ ወዲህ ያልጠጣ ምላስ ሳይቀምሰው አይወጣም ተባለ። ስለዚህ በየፋብሪካው መራር ጠጥተው የማያውቁ ጥቂት ሰዎች አሉ። ረጅም ጠረጴዛ ላይ ነጫጭ ስኒዎች ይደረደራሉ፤ በማንኪያ ፉት እንላለን፣ ምላሳችን ላይ እናዞረዋለን፣ እንተፋለን። ሥራችን ጣፋጭን አድኖ ማስደፋት ነው። ባገሩ ሁሉ ጣፋጭን የሚያውቁት እሱን ለማስደፋት የተቀጠሩት ብቻ መሆናቸው ሁልጊዜ ያናድደኝ ነበር፤ ለማን ይነገራል?

የቀማሽ ደመወዝ ጥሩ ነው፤ የቀማሽ ዕድሜ ግን የድሮ ሰው ዕድሜ ነው። አባቴ ናታን ቀማሽ ነበር። ኩላሊቱ ደክሞ በስልሳ ዓመቱ ሞተ። ለቅሶው ላይ ሰዎች ሬሳ አይተው ስለማያውቁ ከድንኳኑ ውጭ ቆመው ነበር የሚያለቅሱት። ባልም ነበረኝ። ተጣልተን አይደለም የተለያየነው፤ እኔ ስሄድ እሱ ባለበት ቆመ። አንድ ሰርግ ላይ እናቱ ነሽ ወይ ብለው ጠየቁኝ፤ ከዚያ በኋላ ሁለታችንም ዓይን ለዓይን መተያየት አቃተን።

ለብዙ ዓመት ስመኝ የኖርኩት ነገር አንድ ነው፤ ለማንም አልተናገርኩትም። ከእናቴ ጋር አንድ ማንጎ ለሁለት መብላት። እናቴ መራሩን የጀመረችው እኔ ገና በእግሬ ሳልሄድ ነው። ሙሉ ዕድሜዬን አንድ ጣፋጭ ነገር አፌ ውስጥ አድርጌ ቀና ብዬ ሳያት፣ እሷ እንደ እንግዳ ሰው ፈገግ ብላ ታየኛለች። ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር እንበላለን፤ እኛ ቀማሾች ግን ስለ ጣዕም የምናወራው ሐኪሞች ስለ በሽታ እንደሚያወሩት ነው። እኔ የፈለግኩት «ይጣፍጣል አይደል?» ስላት «አዎ» እንድትለኝ ነበር። ይህቺን ያህል ናት።

በጥቅምት ውሃ ጥም አላስተኛ አለኝ። እግሬም ይነዝረኝ ጀመር። ሐኪም ቤት ሄድኩ። ዶክተር ናኦድ ሰባ ዓመት የሞላቸው፣ መልካቸው የሠላሳ ዓመት ጎረምሳ የሚመስል ትሑት ሰው ናቸው። ደሜን አይተው ዓይናቸው በራ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ» አሉ፤ «የስኳር በሽታ በመጽሐፍ ነው የማውቀው። ባልደረቦቼ መጥተው ቢያዩዎት ቅር ይልዎታል?»

ቅር አላለኝም። ስምንት ይሁኑ ዘጠኝ ሐኪሞች እየተጠራሩ መጥተው እግሬን ነካ ነካ አደረጉት። አንዷማ ተረከዜን እንደ ሕፃን ልጅ ልትስመው ምንም አልቀራት። ሁሉም ሲወጡ ዶክተሩ በሩን ዘጉና፣ «መራሩን ዛሬ ይጀምሩ። ከጀመሩ ይድናሉ፤ እናትዎ የደረሱበት ዕድሜ ይደርሳሉ። ካልጀመሩ መጀመሪያ እግርዎን፣ ቀጥሎ ዓይንዎን ነው የሚወስደው» አሉኝ።

«ላስብበት» አልኳቸው።

«የሚታሰብበት ምን አለው?» ብለው ከልባቸው ተገረሙ።

ቤት ስገባ እናቴ ሰምታ ነበር፤ አርባ ምንጭ ወሬ አያድርም። መራሩን ከነብርጭቆው ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ጠበቀችኝ።

«ጠጪ» አለችኝ።

«እማዬ፣ ትንሽ ልረፍ።»

«ጠጪና ታርፊያለሽ።»

አልጠጣሁም። በማግሥቱም፣ በሳልስቱም አልጠጣሁም። ለመነች፣ ተቆጣች፣ አኮረፈች። «ልጅ ለናቷ ምጥ አስተማረች» እያለች ከጓዳ ሳሎን ተመላለሰች። በመጨረሻ አንድ እሑድ ፊት ለፊቴ መጥታ ቆመችና የቀሚሷን አንገት ገልጣ ጡቷን በእጇ ያዘች።

«ይኸው፣ ያጠባሁሽ ጡት። በዚህ ይዤሻለሁ። እኔ ነኝ መቅደም ያለብኝ። አባትሽን ቀበርኩ፤ አንቺን ቅበሪ አትበይኝ።»

እናት በጡቷ ስትይዝ እምቢ አይባልም። ይህን ሕፃንም ያውቃል። እኔ ግን በሽታው ይሁን ንዴቱ እንጃ፣ ቀና ብዬ፣ «አንቺ እኮ የማታውቂውን ነገር ነው ተይው የምትይኝ» አልኳት።

እጇን አወረደች። የቀሚሷን አንገት አስተካከለች። ወደ ጓሮ ወጣች፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ስለ መራሩ አንዲት ነገር አላነሣችብኝም።

ኅዳርና ታኅሣሥ እንዲህ አለፉ። እናቴ ተለወጠች። ጠዋት መሮጧን ተወች፤ ከሰዓት በኋላ ጋደም ትል ጀመር። ጥር ላይ ጆሮዋ አጠገብ ሽበት አየሁ። አዘነችብኝ፣ እኔ ነኝ ያቃጠልኳት ብዬ ሌት ተቀን ራሴን ወቀስኩ። መጠየቅ ግን ፈራሁ። በዚያው ሰሞን ሰፈራችን ሌላ ጉድ ያወራ ነበር። የጎረቤታችን የእትዬ ኤልዳና ፍየል፣ አርጅታ ለመታረድ ቀን ስትጠብቅ የነበረችው፣ ድንገት ወጣት ሆነች። አጥር ትዘላለች፣ የወጥ ቤት ቆርቆሮ ላይ ወጥታ ትቆማለች። እትዬ ኤልዳና የጸሎት ውጤት ነው ብለው አወሩ። እኔ ፍየል ላይ ለማተኮር ጊዜ አልነበረኝም።

ሚያዝያ ሲገባ የግራ እግሬ ትንሿ ጣት ቆሰለች። ጫማ መትቶኝ ነው ብዬ ዝም አልኩ፤ ሳምንት አለፈ፣ ጠቆረች። ያኔ ፈራሁ። ወሬ አይደለም፤ ለሰውነቴ ሁሉ ፈራሁለት። አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ጣቴን እያየሁ ሳለሁ መኖር እንደምፈልግ ገባኝ። ለምን እንደሆነ አልጠይቅም። በማግሥቱ ፋብሪካ ሄጄ ማንኪያዬን ለዘርጋው አስረከብኩ። ዘርጋው ከእኔ የሚያንስ ቀማሽ ነው፤ አፉ ቀልድ አይለየውም።

«እትዬ ውድነሽ፣ ልትጠጪ ነው?»

«ልጠጣ ነው።»

«እንግዲያው ቅበላሽን እንብላ» አለ። ቀልዱ ጠፍቶበት ነበር።

ቀማሾች ይህ ደንብ አለን። ማናችንም ብንሆን መራሩን ልንጀምር ስንል ከዋዜማው ቅበላ እናደርጋለን። ከዐቢይ ጾም በፊት ሰው ሥጋውን በልቶ እንደሚጠግበው፣ እኛም ጣፋጩን እንጠግባለን። ልዩነቱ ጾማችን ፋሲካ የለውም። እያንዳንዱ ቀማሽ አንዳንድ ነገር ይዞ ይመጣል፤ ማሩ፣ ሸንኮራው፣ ቴምሩ፣ የብርዝ ገንቦው። የመጨረሻዋን ማንጎ የሚያቀርቡት ግን ቤተሰቦች ናቸው። የቤተሰቡ ምላስ የሞተ ስለሆነ መልክ አይተው ነው የሚመርጡት፤ ብዙ ጊዜ ያማረች ግን የማትረባ ማንጎ ይዘው ይመጣሉ። እኛም ነገሩን ስለምናውቅ በድብቅ አንዷን ቆንጠር አድርገን ቀምሰን፣ ካልረባች ደብቀን ባመጣናት ጥሩ ማንጎ እንለውጣታለን። ቤተሰብ አይነቃም፤ ማንም አይከፋም።

እናቴ «ቅበላውን እኛ ቤት አድርጉት» አለች። ከዚያ ወደ ጫኖ ወረደች። አንድ ገበሬ ጓሮ ውስጥ ልጣጯ ስስ በመሆኑ ፋብሪካ የናቃት የድሮ ማንጎ ዛፍ አለች ብለው ነግረዋት ነበር። ስትመለስ ዘንቢሉን አብሯት ከአውቶብስ የወረደ ሰው ተሸክሞላት መጣ፤ ላብ አጥምቋታል። እናቴ ሲያልባት አይቼ አላውቅም ነበር።

እሑድ ከቀትር በኋላ ቀማሾቹ ሁሉ መጡ። ግቢያችን ውስጥ ባለችው ጥላ ሥር ጠረጴዛ ዘረጋን። በላሁ። ዛሬም ሳስበው አፌ ይርሳል። ማሩን በጣቴ፣ ሸንኮራውን በጥርሴ፣ ብርዙን በትልቅ ብርጭቆ። ዘርጋው፣ «ማርም ሲበዛ ይመራል፤ ቀስ በይ» ይለኛል፤ እኔ ደግሞ ቀስ የምልበት ዕድሜ የለኝም እለዋለሁ። ዶክተር ናኦድ ቢያዩኝ ኖሮ እዚያው ይወድቁ ነበር። ሁሉም ሳቁ፤ እኔም ሳቅኩ። ግን የምሰናበተው ሰው ያለ ይመስለኝ ነበር።

በመጨረሻ እናቴ ዘንቢሉን አመጣች። ዘርጋው እንደ ልማዳችን እጁን ሰደድ አድርጎ አንዷን ሊያነሣ ሲል በጥፊ እጁን መታችው።

«ተው! እኔ ነኝ የምሰጣት።»

ቢላዋውን አነሣች። አንዷን ላጠች፤ ቁራጭ ቆርጣ ወደ እኔ ሳይሆን ወደ ራሷ አፍ አደረገችው። አኘከች። ፊቷን አጨፈገገችና መሬት ላይ ተፋችው።

«ይኼ አይሆንም። ውሃ ውሃ ይላል።»

ሁለተኛዋን ላጠች፤ ቀመሰች። «ይኼ ደኅና ነበር፤ ግን ገና ነው፤ ጥቂት ቀን ይቀረዋል» አለችና ወደ ጎን አደረገችው። ሦስተኛዋን አፏ ውስጥ ስትከት ዓይኗን ጨፈነች። ለረጅም ጊዜ አልገለጠችውም። ጉንጯ ላይ እንባዋ ወረደ።

«ይኼ ነው» አለች።

ጠረጴዛው ዙሪያ ያለነው ሁሉ በምላሳችን እንጀራ የበላን ሰዎች ነን፤ ያየነው ነገር ምን እንደሆነ ለመረዳት የፈጀብን ጊዜ አልነበረም። መራር የሚጠጣ ሰው ውሃ ውሃ የሚለውንና የማይለውን መለየት አይችልም። ከአጥሩ ማዶ የእትዬ ኤልዳና ፍየል ጮኸች። ያኔ ሁሉም ነገር ተገለጠልኝ።

«እማዬ» አልኩ፤ «ብርጭቆሽን ለፍየሏ ነው የምትሰጫት?»

«ታዲያ ድምፁ ስሜን እየጠራ ሰላም ሲነሣኝ ምን ላድርግ!»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ጡቴን ከመለስሽብኝ ቀን ጀምሮ።»

ዘርጋው ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ አደረገ። «እኛ ምንም አልሰማንም» አለና ሌሎቹን በዓይኑ ጠቅሶ አስነሣቸው። ሰበብ እየፈጠሩ አንድ በአንድ ወጡ። እኔና እሷ ቀረን።

መቆጣት ፈለግኩ። በሰማንያ አምስት ዓመቱ መራሩን ያቆመ ሰው ምን እንደሚደርስበት ታውቃለች፤ ያ ተገትሮ የቆየው ዕድሜ ሁሉ ይወርድበታል። ግን አፌን ሳልከፍት ቀደመችኝ። እሷ ማንጎዋን ለሁለት ሰንጥቃ አንዱን ክፍል ሰጠችኝ።

«የማታውቂውን ነገር ነው ተይው የምትይኝ አልሽኝ» አለች። «እውነትሽን ነው። ተኝቼ አሰብኩት። አንድን ሰው ነገር ተው ለማለት መጀመሪያ ነገሩን ማወቅ ነው እንጂ! ስለዚህ ልወቀው ብዬ አቆምኩ። መጀመሪያ ምንም አልነበረም። ታኅሣሥ ውስጥ አንድ ቀን ሙዝ ስበላ ምላሴ ጫፍ ላይ የሆነ ነገር ብልጭ ብሎ ጠፋ። የካቲት ላይ የእትዬ ኤልዳናን ማር ቀመስኩ። ደንግጬ ማንኪያውን ጣልኩት። ውዴ፣ እንዲህ ነው እንዴ? ይህን ሁሉ ዘመን ብቻሽን ነው እንዴ ይህን የበላሽው?»

የያዝኩትን ማንጎ ነከስኩ። ጭማቂው እጄ ላይ ፈሰሰ፤ ክሩ ጥርሴ ውስጥ ገባ። ብዙ ማንጎ በልቻለሁ፤ እንደዚያ ያለ ግን ከዚያ በፊት አልበላሁም። ቀና ብዬ አየኋት፤ እሷም የሷን ነክሳ እያየችኝ ነበር።

«ይጣፍጣል አይደል?» አልኳት።

«በጣም» አለችኝ። አፏ ሞልቶ ነበር። «በጣም፣ በጣም።»

ያን ጊዜ ያለቀስኩትን ለቅሶ አባቴ ሲሞት አላለቀስኩትም። እሷም አለቀሰች፤ እያለቀስን በላን፤ ዘንቢሉን ጨረስነው። ፊታችን እስከ ጆሯችን ድረስ ተጨማልቆ እንደ ሕፃናት ሆንን።

እጃችንን ስንታጠብ የፈራሁትን ጠየቅኳት።

«አሁን አወቅሽው። አሁንም ጠጪ ትይኛለሽ?»

ውሃውን ዘግታ ፎጣ አነሣች።

«እለሻለሁ» አለች። «ቀላል ነገር መስሎኝ ነበር የለመንኩሽ፤ አይደለም። ከባድ ነው። ከባድ መሆኑን እያወቅኩ ነው አሁን የምለምንሽ። ጠጪልኝ።»

«አንቺስ? አንቺም ነገ አብረሽኝ ትጀምሪያለሽ።»

«እኔማ እንዴት ብዬ!» አለችና አፈረች፤ እንደ ልጃገረድ ፊቷን በፎጣው ሸፈነችው። «እኔ እንዳንቺ ጎበዝ አይደለሁም፣ ውዴ። አልችልም። የቀረኝን ይዤ ብሄድ ይሻለኛል። ደግሞስ ወረፋው የኔ አይደለም?»

በማግሥቱ በር ላይ ሁለት ብርጭቆ ነበር። አንዱን እሷ ወደ ጓሮ ወሰደችው። ሌላውን እኔ ቆሜ ጠጣሁት። ለሠላሳ ዓመት ስተፋው የኖርኩትን ነገር መዋጥ ነበር የከበደኝ፤ ጉሮሮዬ አላምን ብሎ ደጋግሞ መለሰው። እናቴ ጀርባዬን እያሻሸች፣ «አይዞሽ፣ አይዞሽ» አለችኝ።

ጣፋጭ በአንድ ቀን አልጠፋም። በሰኔ ማር አሁንም ማር ነበር፤ ግን ከሩቅ እንደሚሰማ ድምፅ። በሐምሌ በየጠዋቱ አንድ ጠብታ ምላሴ ላይ አድርጌ እጠብቀው ነበር፤ አንዳንድ ቀን ይመጣል፣ አንዳንድ ቀን ይቀራል። ነሐሴ ላይ መጠበቅ ተውኩ። ጣቴ ዳነ። እግሬ መንዘሩን አቆመ። ዓይኔ ጠራ። ዶክተር ናኦድ በውጤቱ ተደስተው ስለ እኔ ጽፈው በትልቅ ጉባኤ ላይ አነበቡት አሉ።

የእናቴ ፀጉር በአንድ ክረምት ነጣ። ጉልበቷ ከዳት፤ መጀመሪያ በዱላ፣ በኋላ በእኔ ትከሻ ተራመደች። አንድ ቀን ብርጭቆውን ደብቄ ከሾርባ ጋር ላጠጣት ስል ያዘችኝ። አልተቆጣችም። «ልጄ፣ አትስረቂኝ» ብቻ አለችኝ፤ ሁለተኛ አልሞከርኩም። ደስተኛ ነበረች። ይህን መናገር ይከብደኛል፤ ግን እውነት ነው። በተኛችበት ማር ጠይቃ ትልስ ነበር፤ የዘርጋውን ስም እየጠራች ሸንኮራ ታስመጣ ነበር። እኔ ጤነኛ ሆኜ አጠገቧ ቁጭ እላለሁ፤ ሽታው ይመጣል፤ ስገባ ቤቱ ባዶ ነው።

በቀጣዩ ዓመት ግንቦት ሲመጣ እናቴ ከአልጋ የምትወርደው በሰው ድጋፍ ነበር። የጫኖው ገበሬ የዛፏን ማንጎ ላከላት። ጥላው ሥር አወጣኋትና ትራስ ደገፍኩላት። የመጀመሪያዋን ልጬ ሰጠኋት። በድድዋ ነው የምትበላው። ጭማቂው በክንዷ ወርዶ ቀሚሷ ላይ ተንጠባጠበ፤ እሷ አላየችውም። ፊት ለፊቷ ጉልበቴን አቅፌ ተቀምጬ አየኋት። ሽታው ግቢውን ሞልቶታል። ምን ያህል እንደናፈቀኝ የማውቀው እኔ ነኝ፤ ምራቄን ዋጥኩ።

«ይጣፍጣል?» አልኳት፤ ሳላስበው አመለጠኝ።

እናቴ ማኘኳን አቁማ አየችኝ። ዓይኔን፣ አፌን፣ ጉልበቴን ያቀፍኩባቸውን እጆቼን አየች።

«ኧረ ተይኝ፣ የዘንድሮው ምን ማንጎ ነው!» አለች። «ዝናቡ በዝቶበት ነው መሰለኝ፣ ምንም ጣዕም የለው። ምንም አልቀረብሽም።»

ይህን ብላ ፍሬውን ወደ አፏ መለሰችና ነጭ እስኪሆን ድረስ መጠጠችው። ከዚያ ሌላ እንድልጥላት እጇን ዘረጋችልኝ። ላጥኩላት።